ማስጠናት ውጤት የሚያመጣው እንዴት ሲደራጅ ነው? ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶ፣ በጣፎ፣ በገላን፣ በቡራዩና በመሳሰሉት ሰፈሮች የማስጠናት ፕሮግራም ለመጀመር ላሰቡ፣ ወይም ጀምረው ለውጥ አልታይ ላላቸው ወላጆች፣ መምህራንና የሰፈር ኮሚቴዎች ነው።

ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ይሰጣል። እሱ አይበቃም?

መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ ይቁጠሩ። ሃምሳ ልጅ ተቀምጦ አንድ መምህር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ከሆነ ያ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ማስጠናት ሊባል አይችልም። ማክሰኞ ያልገባው ልጅ ቅዳሜ በዚያው ፍጥነትና በዚያው አነጋገር ቢደገምለት ያው አይገባውም። የሚጠቀመው ማክሰኞ ዕለት ሊገባው ጥቂት ቀርቶት የነበረው ነው። ስለዚህ የክፍሉ አማካይ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሪፖርቱም ያምራል፣ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ግን ባሉበት ይቀራሉ።

ማስጠናት የምንለው አስጠኚው እያንዳንዱ ልጅ የቱ ጋ እንደተሰናከለ ሲያውቅና ልጁ ራሱ እየሠራ፣ እየተናገረ፣ ወዲያው ሲታረም ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ልጅ ድረስ ይህን ማድረግ ይቻላል፤ አራት ሲደርስ ይከብዳል፤ ከዚያ በላይ አስጠኚው ሳያስበው ወደ ሰሌዳ ይዞራል። ትምህርት ቤቱ ፈቃደኛ ከሆነ ያንኑ የቅዳሜ ሰዓት መልኩን መቀየር ይቻላል፦ መምህሩ ሥራውን ያዘጋጃል፣ እየተዘዋወረ ይቆጣጠራል፤ የሠለጠኑ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ ለየሦስት ልጅ አንድ አንድ ሆነው ያሠራሉ። «አንድ ለአምስት» ተሞክሮ የለም ወይ የሚሉ አሉ። እዚያ ላይ ጎበዙ ልጅ ከሌሎቹ ጋር እንዲቀመጥ ተደረገ እንጂ በአብዛኛው ቦታ ምን እንደሚያሠራና ስህተት ሲያይ ምን እንደሚያደርግ የነገረው አልነበረም።

በጥናት የተረጋገጠ ነገር አለ?

አለ፣ ግን ቁጥሩን በልኩ መያዝ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ቤንጃሚን ብሉም በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ አስጠኚ ለብቻው ያስጠናው መካከለኛ ተማሪ በመደበኛ ክፍል ከተማሩት 98 በመቶውን እንደሚበልጥ ገልጾ ነበር። ያን ያህል ትልቅ ለውጥ ከዚያ በኋላ በሰፊው አልተደገመም። በ2020 እ.ኤ.አ. በበለጸጉ አገሮች የተደረጉ 96 ሙከራዎችን ያጠቃለለ ግምገማ ያገኘው አማካይ ለውጥ 0.37 መደበኛ ልይይት ነው። ወደ ሰው ቋንቋ ሲመለስ፣ ከመቶ ተማሪ መካከል 50ኛ የነበረ ልጅ ወደ 36ኛ ገደማ ይጠጋል ማለት ነው። ተአምር ባይሆንም በትምህርት ሥራ ውስጥ ይህን ያህል የሚያስገኝ ነገር ብዙ የለም። ያው ግምገማ መምህራንና የሠለጠኑ ረዳቶች ከበጎ ፈቃደኞችና ከወላጆች የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ፣ በትምህርት ሰዓት ውስጥ የሚሰጠውም ከትምህርት በኋላ ከሚሰጠው እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ለእኛ ሁኔታ የሚቀርበው ግን ፕራታም የተባለው የሕንድ የትምህርት ድርጅት ልምድ ነው። እነሱ ልጆችን በክፍል ደረጃቸው ሳይሆን አሁን ማንበብና ማስላት በሚችሉበት ደረጃ ይመድባሉ፤ የ5ኛ ክፍል ልጅ ቃል ማንበብ ካቃተው ቃል ከሚያነቡት ጋር ይጀምራል። ክፍሉ በተጨናነቀበትና የልጆቹ ደረጃ በሚራራቅበት ቦታ የሚያዋጣው ይህ ነው።

በሳምንት ስንት ቀን? ለስንት ሰዓት?

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉት 30 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ላሉት 45 ደቂቃ። አንድ ዙር ከ12 ሳምንት ባያንስ ይመረጣል።

«ቅዳሜ ብቻ ለሁለት ሰዓት ያህል ብናደርገውስ?» የሚለው በጣም ይጠየቃል። ስሌቱ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በ12 ሳምንት ሦስት ጊዜ 45 ደቂቃ 27 ሰዓት ሲሆን የቅዳሜው 24 ሰዓት ነው። ችግሩ ያለው መሐል ላይ ነው። ልጁ ቅዳሜ የተማረውን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይረሳዋል፤ አንድ ቅዳሜ ለቅሶ ወይም ሠርግ ከገባ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያልፋል። በሦስት ቀኑ አሠራር አንድ ቀን ቢጎድል ከነገ ወዲያ ይካካሳል።

በዘመን አቆጣጠራችን የሚመቸው አካሄድ እንዲህ ነው፦ የመስከረም መጨረሻ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ደረጃ መለየት፤ ጥቅምት 1 መጀመር፤ ታኅሣሥ 24 አካባቢ ከገና በፊት መጨረስ። ያኔ የጥር ፈተና ገና አልደረሰም። ሁለተኛው ዙር የካቲት አጋማሽ ላይ ከተጀመረ ግንቦት አጋማሽ ሳይደርስ ያልቃል። መስከረም ውስጥ ለመጀመር መቸኮል ትርፍ የለውም፤ ምዝገባና ዝውውር ገና አላለቀም፣ ያቋቋሙት ቡድን ይበተናል።

ልጁ ከየት መጀመር እንዳለበት እንዴት ይታወቃል?

ከሪፖርት ካርዱ አይታወቅም። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ፣ አሥር ደቂቃ ያህል፣ ሌሎች በማይሰሙበት ቦታ መፈተን ያስፈልጋል። አብዛኛው ፕሮግራም የሚዘለው ይህን ነው፤ በኋላ ለሚመጣው ችግር ግማሹ መነሻም ይኸው ነው።

ለንባብ አራት ነገር ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ ከተለያየ ረድፍ የተመረጡ አሥር ፊደላት፣ አሥር የተለመዱ ቃላት፣ አራት ዓረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ፣ ከአሥር ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ ታሪክ። ከአንቀጹ ይጀመራል። ልጁ ከተንተባተበ ወደ ቃላቱ፣ እዚያም ካቃተው ወደ ፊደላቱ ይወረዳል፤ ካነበበ ወደ ታሪኩ ይሻገርና ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። ፊደል ላይ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ በዜማ መዝለቅ ማንበብ እንደማያሳይ ልብ ይሏል። ስለዚህ ፊደላቱ ተዘበራርቀው ይጻፉ፤ በተለይ ሳድስና ሳብዕ ይብዙባቸው፤ ቅርጻቸው ከፊደል ፊደል ስለሚለያይ ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እነሱ ላይ ነው። ለ እና ሰ፣ ተ እና ቸ፣ ጠ እና ጨ የሚያምታታ ልጅም በዚሁ ይለያል።

ለሒሳብ ደግሞ መልሱን ብቻ ሳይሆን ስህተቱን ማንበብ ያስፈልጋል። 503 − 167 ይስጡት። መልሱ 336 ነው። 464 ብሎ ከጻፈ በየቤቱ ትንሹን ከትልቁ እየቀነሰ ነው፤ መበደር የሚባለው ነገር አልገባውም፣ ወይም የአሥርና የመቶ ቤት ትርጉም ለእሱ የለም። መፍትሔውም ሌላ ሃያ የመቀነስ ጥያቄ መስጠት አይደለም። አሥር አሥር ሆኖ በላስቲክ የታሰረ የእንጨት ክብሪት ቁጭ አድርጎ፣ እስሩን አስፈትቶ ማሳየት ነው። 1/2 + 1/3 ሲባል 2/5 የሚል ልጅ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሯል፤ ግማሽ እንጀራ ከሲሶ ጋር ተደምሮ ከግማሽ እንዴት እንደሚያንስ ይጠየቅ፣ ራሱ ይደነግጣል። በዚህ ዓይነት የ7ኛ ክፍል ልጅ የጎደለው የ4ኛ ክፍል ነገር ሆኖ ይገኛል። ወላጅ ይህን ሲሰማ «ገንዘብ ከፍዬ ወደ ኋላ ልትመልሱት ነው?» ይላል። አዎ፣ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን መንገር ይሻላል።

አንድ የማስጠናት ክፍለ ጊዜ ምን ይመስላል?

ለ45 ደቂቃው፦ አምስት ደቂቃ ባለፈው የተሠራውን ያለ ደብተር ማስታወስ፤ አሥር ደቂቃ አንድ ነገር ብቻ ማሳየት፤ ሃያ ደቂቃ ልጆቹ ሲሠሩና ያደረጉትን በቃላቸው ሲያስረዱ ማየት፤ ሰባት ደቂቃ ያለ እርዳታ የሚሠሩ ሁለት ጥያቄዎች፤ በቀሩት ሦስት ደቂቃዎች አስጠኚው በመዝገብ ደብተሩ ላይ የእያንዳንዱን ልጅ ስም፣ ምን እንደሳተና በሚቀጥለው ምን እንደሚደረግ ይጽፋል። ያ ደብተር ከሌለ አስጠኚ የተለወጠ ዕለት ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል።

እስክሪብቶው በአብዛኛው ማን እጅ ውስጥ እንዳለ ይዩ። አስጠኚው እጅ ውስጥ ከሆነ ልጁ እየተመለከተ ነው፣ እየተማረ መሆኑ ያጠራጥራል።

የቤት ሥራውን ብታሠሩልን ይበቃናል የሚሉ ወላጆች አሉ።

የቤት ሥራ ማሠራት ለነገ ጠዋት ከቁጣ ያድናል። ግን ልጁ ከደረጃው በላይ የሆነ ሥራ ስለሚያመጣ አስጠኚው ወዶም ሳይወድ ይሠራለታል፤ ደብተሩ በ«ትክክል» ምልክት ይሞላል፣ ፈተና ላይ ግን የለም። ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ እንዳይለይ አሥር ደቂቃ ለቤት ሥራ ይሰጥ፣ የቀረው ጊዜ አይነካ።

አስጠኚ ከየት ይገኛል? ማንስ ይሻላል?

የታችኛውን ክፍል ንባብና መሠረታዊ ሒሳብ በደንብ የሠለጠነ የ11ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ወይም ሥራ የሚጠብቅ ምሩቅ ያስጠናል፤ የትምህርት ዲግሪ አያስፈልገውም። ከ9ኛ ክፍል በላይ ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለሒሳብ ግን ትምህርቱን በቅጡ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በቂሊንጦና በቱሉ ዲምቱ በኩል ያሉ ሰፈሮች የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ አላቸው፤ በየካ አባዶና በአያት በኩል ላሉት ደግሞ መምህራንን የሚያሠለጥነው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቀጥሩ የራሱን የፈተና ሳምንት አስቀድመው ይጠይቁት፤ ልጆቹ በጣም በሚፈልጉት ጊዜ የሚጠፋው በዚያ ምክንያት ነው።

ሁለት ቀን ሥልጠና ይበቃል ብለን እናምናለን፤ የመጀመሪያው ቀን ደረጃ መለየትና ስህተት ማንበብ፣ ሁለተኛው እርስ በርስ ማስጠናትን መለማመድ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ልምድ ያለው መምህር አጠገባቸው ተቀምጦ አንድ ክፍለ ጊዜ ይመልከት። እዚህ ላይ የሚቆጥብ ኮሚቴ ይከስራል። ሠርተፊኬት ይዞ የመጣ ሰው ሲያስጠና ካልታየ፣ ለልጆቹ ሙሉውን ሰዓት ሾርት ኖት እያስገለበጠ ሊሆን ይችላል።

የልጄ መምህር ራሱ በክፍያ ላስጠና ብሏል። ችግር አለው?

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ልጁን ያውቀዋል፣ ምዕራፉን ያውቀዋል። ጉዳቱም እንደዚያው ግልጽ ነው። በክፍል ያላስተማረውን በክፍያ የሚያስተምር፣ ወይም የፈተናውን ጥያቄ «ለደንበኞቹ» ቀድሞ የሚያሠራ ከተገኘ፣ የማይከፍሉት ልጆች ተጎዱ፣ የከፈሉትም ያላቸው ውጤት የእውነት አይደለም። አንድ ደንብ ብቻ ይያዝ፦ መምህር ፈተና የሚያወጣለትንና ማርክ የሚሰጠውን ልጅ በክፍያ አያስጠና። የ5ኛ «ሀ» መምህር የ5ኛ «ለ»ን ልጆች፣ የ«ለ» መምህር የ«ሀ»ን ልጆች ቢይዝ እንኳ ብዙው ጣጣ ይቀራል። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ይህን በቃለ ጉባኤ ቢያስይዘው ጥሩ ነው።

የት እና በስንት ሰዓት ይሁን? ልጆቹ እኮ ይቀራሉ።

በዳርቻ ሰፈር ፕሮግራም የሚገድለው ከማስተማር ዘዴው ይልቅ መቅረት ነው። ስለዚህ ቦታና ሰዓት የሚመረጠው የሰፈሩን ኑሮ አይቶ ነው። በኮንዶሚኒየም ግቢ ኮሚናሉ (የነዋሪዎች የጋራ መጠቀሚያ ቤቱ) ይመረጣል፤ ልጁ አስፋልት ሳይሻገር ይደርሳል፣ ጎረቤትም ያየዋል። የእድሩን ዕቃና የሰርግ ወንበር ወደ አንድ ጥግ ለማሰባሰብ ከኮሚቴው ጋር በጽሑፍ መስማማት ግን ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ለቅሶ ባለ ቁጥር ይዘጋል። የወረዳው ወጣት ማዕከል፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያለ መማሪያ ክፍል፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የመስጊድ አዳራሽም ያገለግላል።

ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ከሆነ ሥራው ይቀላል። የጠዋቶቹ ምሳ በልተው ከ8:00 እስከ 9:30 በሁለት ዙር፤ የከሰዓቶቹ ጠዋት ከ3:00 እስከ 4:30። ሙሉ ቀን ለሚማሩት ከ10:00 በኋላ ይሆናል፣ ግን 11:30 ላይ ሁሉም ወደ ቤቱ መንገድ ይጀምር። መብራት በሌለው የኮብልስቶን መንገድ ሴት ልጁን ማስመሸት የማይፈልግ ወላጅ ትክክል ነው፤ ጨለማ ሳይነካ የማያልቅ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚያጣው ሴት ልጆችን ነው። በብሎክ በብሎክ ሆነው አብረው እንዲመለሱ ያድርጉ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃ የሚመጣበትን ቀን ይጠይቁና ያን ቀን ይዝለሉት። በዚያ ቀን ልጁ ጄሪካን እየሞላ ነው። ቀሪ ሲኖር በዚያው ቀን ለወላጅ ይደወል፤ ከሁለት ተከታታይ ቀሪ በኋላ የሚደረግ ጥሪ በአብዛኛው ዘግይቷል።

የልጆች ደኅንነትንም ከዚሁ ጋር እንጨርሰው። በሩ ክፍት ይሁን፣ አንድ አስጠኚና አንድ ልጅ ብቻቸውን በተዘጋ ክፍል አይቀመጡ፣ ቤት ለቤት ከሆነ አዋቂ የቤተሰብ አባል በቤቱ ይኑር፣ አስጠኚው መታወቂያና ዋስ ያቅርብ። ይህን ሲሰማ የሚከፋው አስጠኚ ካለ ይቅርበት።

በየትኛው ቋንቋ እናስጠና?

ልጁ በሚፈተንበት። ነገሩ የሚወሳሰበው በድንበር ሰፈሮች ነው። በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር ባሉ የአማርኛ ትምህርት ቤቶች እስከ 6ኛ በአማርኛ፣ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማራሉ፤ በሸገር ከተማ በኩል ባሉት ደግሞ በአብዛኛው እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ነው። ቤት ቀይሮ ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ልጅ ሒሳቡ ሳይጠፋበት ቃሉ ይጠፋበታል። ስለዚህ ደረጃ ሲለይ በሁለቱም ቋንቋ ይጠየቅ። ለ7ኛ ክፍል ጀማሪዎች የሚረዳ ርካሽ ነገር አለ፤ በየምዕራፉ 15 ያህል ቃላት ያሉበት አንድ ገጽ። «ዲኖሚኔተር» ያው ታህት መሆኑን ያላወቀ ልጅ ክፍልፋይ አያውቅም ተብሎ ይፈረድበታል።

12ኛ ክፍል ነው፤ በአራት ወር ምን ማድረግ ይቻላል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና በላይ ያመጡት በዚያ ዓመት 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። እንዲህ ባለ ፈተና አራት ወር ለሁሉም ትምህርት አይበቃም። የቆዩ ፈተናዎችን አንድ ጊዜ በሰዓት አስፈትኖ፣ የሳታቸውን ጥያቄዎች በሦስት መደርደር ይጠቅማል፦ ያውቀው የነበረና በጥድፊያ የሳተው፣ ግማሹን የሚያውቀው፣ ፈጽሞ የማያውቀው። አራቱ ወር ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ይዋል። ከቴሌግራም የሚወርዱ ወርክ ሺቶች ላይ የተሳሳተ የመልስ ቁልፍ ስለሚበዛ አስጠኚው ቀድሞ ይሥራቸው። ኮሚቴ ሆነው በጀት የሚመድቡ ከሆነ ግን ገንዘቡን ከ9ኛ ክፍል በታች ማፍሰስ ይበልጥ ያዋጣል።

ስንት ያስወጣል?

ለስሌት ያህል (የገበያ ዋጋ አይደለም) ለአንድ የሦስት ልጅ ክፍለ ጊዜ 150 ብር ይከፈል እንበል። 24 ልጅ ማለት 8 ቡድን፣ በሳምንት 24 ክፍለ ጊዜ፣ 3,600 ብር ነው፤ በአራት ሳምንት 14,400፣ ለአንድ ልጅ 600 ብር ይደርሳል። አንድ አስጠኚ በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ ሦስት ቀን ቢይዝ አራት አስጠኚ ይበቃል። ፎቶ ኮፒ፣ የትራንስፖርትና የተቆጣጣሪ መምህር አበል ለብቻ ይጨመራል። ገንዘቡ ሲያጥር ቡድኑን ወደ ስምንት ከማሳደግ የልጆቹን ቁጥር መቀነስ ይሻላል።

በስልክ ማስጠናት ይቻላል?

በኮሮና ጊዜ በቦትስዋና ተሞክሯል። በሳምንት አንድ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ያህል ስልክ ተደውሎ፣ ጥያቄው አስቀድሞ በአጭር መልእክት የተላከላቸው ልጆች በመሠረታዊ ሒሳብ ለውጥ አሳይተዋል፤ መልእክቱ ብቻ ሲላክ ግን ውጤት አልታየም። ተራ ስልክ ይበቃል፤ ወላጅ ላውድ ላይ አድርጎ አጠገቡ ይቀመጥ። ለሒሳብ ይሆናል፣ ፊደል ለሚቆጥር ልጅ አይሆንም።

መሻሻሉን በምን እናውቃለን? «ስንተኛ ወጣ» ብንልስ?

ስንተኛ መውጣቱ የሚነግረው ልጁ ከሌሎቹ አንጻር የት እንዳለ ነው፤ ሁሉም ከተሻሻለ ያው ይቀራል፣ ሁለት ጎበዝ ልጅ ከተዛወረ ያለ ልፋት ከፍ ይላል። መነሻ ላይ በተጠቀሙበት ዓይነት፣ በተመሳሳይ ክብደት ግን በሌሎች ጥያቄዎች፣ በየአራት ሳምንቱ ይፈትኑት። ፈታኙ የልጁ አስጠኚ ባይሆን ይመረጣል። ከስምንት ሳምንት በኋላ ንቅንቅ ያላለ ልጅ ካለ በመጀመሪያ መገኘቱን ይቁጠሩ። ከሦስቱ ሁለቱን ቀን ካልመጣ መልሱ እዚያ ነው። መጥቶም ካልተለወጠ ደረጃው በስህተት ተለይቶ ሊሆን ይችላል፤ ዓይኑና ጆሮውም ይታይ፣ ሰሌዳው ሳይታየው ዓመታት የተቀመጠ ልጅ ብርቅ አይደለም።

ልጁ ያፍራል፣ አልሄድም ይላል።

«የደካሞች ክፍል» ተብሎ ስለሚጠራ ነው። ቡድኑን በቀለም ወይም በሰዓቱ ይጥሩት፣ ስም ዝርዝር በር ላይ አይለጥፉ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ሦስት መካከለኛ ተማሪዎችንም ያካትቱ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ልጁ መሥራት በሚችለው ነገር ይጀምሩ።

መቼ ይቆማል? ክረምቱስ?

ልጁ በሁለት ተከታታይ የአራት ሳምንት ፈተና ከክፍሉ ደረጃ ሲደርስ ቦታውን ለሌላ ይልቀቅ፤ ወላጅ ቢለምንም። ክረምት ላይ በበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚሰጠው ማጠናከሪያ ብዙ አስጠኚ ስላለው ትልቅ ዕድል ነው። ጭቃውና ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋት ይደረግ። የሚቀጥለውን ዓመት መጽሐፍ ቀድሞ መጨረስ የተለመደ ነው፤ ዘንድሮ የጎደለውን የሚያውቁበት የመዝገብ ደብተር ካለ ግን በእሱ ይጀመር።